ማር የነካው አውራ ጣቴ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር እንደ ወጣሁ፣ ጄኔቭ አጠገብ፣ ኦኔ የምትባል ሰፈር ያለ ፎቅ ላይ ሁለተኛውን የበረዶ ወራት ስገፋ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ስገባ በጥገኝነት ቃለ መጠይቁ "ልጅ አለዎት?" ብለውኝ "አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ" ብያለሁ። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ነበረች። ወደኔ እንድትመጣ አመለከትኩ፤ የእኔንም የእሷንም ምራቅ ወስደው መረመሩ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። አስተርጓሚው አነበበልኝና አቀርቅሮ፣ "አባቴ፣ ልጅቷ ልጅዎ አይደለችም ይላል። ለምን ዋሹ?" አለኝ።

እኔ አልዋሸሁም። እናቷ ጎረቤቴ ነበረች፤ ስትሞት ልጅቷ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ አጠባኋትና የጡት አባቷ ሆንኩ። እንዲህ ያለውን አንዱ የጡት ልጅ ይለዋል፣ አንዱ ማደጎ፣ የወለጋው ጎረቤታችን ደግሞ ጉዲፈቻ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አንዱም ቃል ልጅቷ ባለችበት አይነሳም፤ ነውር ነው። "ልጄ" ብቻ ነው የሚባለው። እኔም ለቃለ መጠይቁ ቢሮ ተቀምጬ ሌላ ቃል ካፌ አልወጣ አለኝ።

"የማደጎ ልጅዎ ከሆነች ወረቀት አለዎት?" አለኝ አስተርጓሚው።

ማርና ጣት እንጂ ወረቀት የት ነበረና! መልስ እንድሰጥ አንድ ወር ተሰጠኝ። እውነቱን ብጽፍ ልጅቷም ትጠየቃለችና ትሰማለች። ዝም ብል እዚያው ትቀራለች።

በባቡር ዙሪክ ሄድኩ። ላንግሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ የድሮ ጎረቤቴ አለች፤ ያን ቀን ማሩን ያመጣችው እሷ ናት። ደብዳቤውን ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ የማሩን ነገር ለምን አልነገርካቸውም?"

"ነውር ነዋ! ልጅቷ ትሰማለች።"

"ልጅት እኮ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው! በል፣ መጀመሪያ ለእሷ ደውል።"

"ቤቴ ስገባ እደውላለሁ።"

"ኦኔ እስክትደርስማ ልብህ ይከዳሃል፤ አላውቅህምና ነው?" ቁጥሩን ተቀብላ ራሷ ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ከወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማሁ።

"አባባ፣ እሱን እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። እኛ ሰፈር ወሬ ይደበቃል እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎን እንዳይከፋዎ ብዬ ነዋ።"

እንባዬ መጣ። ጎረቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። "የኔ ልጅ፣ ማሩስ ትዝ ይልሻል?"

"አይ እትዬ፣ ትንሽ ነበርኩ። ሰም ነበረበት ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።"

"ማነው ሰም ነበረበት ያለው? ገበያ ወርጄ ራሴ መርጬ ያመጣሁትን!"

የዚያን ቀን ሱቋን ዘጋች። ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንደ መረቀ፣ ጣቴን ስንቴ እንደ ነከርኩ ሳይቀር ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ምስክር ብላ ፈረመች። እዚህ ያደገችው ልጇ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ከሞት የተረፉት ሁለት ናቸው፤ እነሱንም በስልክ እያሳደደች ቀበሌ ወስዳ አስፈረመቻቸው ማለት ይቻላል። ልጄም የራሷን ጻፈች። ብዙ ቆይቶ ፈቃዱ መጣ።

ልጄ በገባች በሳምንቱ ዙሪክ ወሰድኳት። ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ሳለን አንዲት ባልቴት ሲገቡ ልጄ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

"አሳዳጊሽ ይባረክ!" አሉ ባልቴቷ።

እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ምርቃቱ ለኔ ብቻ መሆኑ ከብዶኝ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈውም እሱን ለማካፈል ነው፤ ልጄን ያሳደግኩ እኔ ብሆንም፣ ወደኔ ያደረሰቻት ያቺ የላንግሽትራሰዋ ባለ በርበሬ፣ ማሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት።