ጽሑፍ አልተገኘም

በፍኖተ ሰላም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከጋዜጣ ማንበቢያው ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኛ ናት። «የእኛ» ስል ዓይናችን እምቢ ያለን ሰዎች ማለቴ ነው። ሁለት የሚናገሩ ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ስካነር፣ ፊደልን አተልቆ በስክሪን የሚያሳይ አንድ ካሜራ አለን። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አቅቶኝ፣ መጸዳጃ ቤት መስሎኝ ልመለስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ መምህርት ነኝ እንግዲህ።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎኛል። «ከቤተሰብ መካከል ዓይኑን ያጣ አለ?» ሲለኝ «አባቴ» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። መጨመር የነበረብኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ቡሬ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የድንበር ክስ ያለው፣ ውርስ የተከለከለ፣ በሬው የተነዳበት ገበሬ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። በገበያ ቀን በርበሬ ጭነው የመጡት እዚያው ስለሚያርፉ ወረቀታቸው ሁሉ ያስነጥሳል። እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ እያንዳንዱን ፊደል ለያይተው ነው የሚጽፉት። ማመልከቻ በወረቀቱ አንድ ወገን ብቻ ይጻፋል፤ በግራ በኩል ደግሞ ባለሥልጣኑ ውሳኔውን የሚያሰፍርበት ሦስት ጣት ያህል ቦታ ይተዋል። ይህን ለእኔ የነገሩኝ ገና ፊደል ሳልጨርስ ነው።

ዓይናቸው ሲጠፋ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ሥራ መፍታት አልሆነላቸውም። ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸው፣ ካርቶን ቆርጬ መስመር መጠበቂያ አበጀሁላቸው፣ የሕይወታቸውን ነገር መጻፍ ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እየጻፉ አገኛቸዋለሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ እይልኝ፣ መስመሩን ስቻለሁ?» ይሉኛል። አይቼ እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይጠሩኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለሁ ጠሩኝ። የዚያን ቀን አምስተኛ ጥሪያቸው ነበር፤ ሰበብ አላደርገውም፣ የሆነውን ነው የምናገረው።

«ልጄ፣ ይኼ ብዕር ይጽፋል?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከመስመሩ መሀል ቀለሙ ሳስቶ ሳስቶ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ይሄዳል፣ ወረቀቱ ነጭ ነው። አዲስ ብዕር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ይጽፋል፤ ይቀጥሉ» አልኳቸው።

ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሲደርስ ግን መንገር ማለት የትናንቱን አራት ገጽ ጭምር መንገር ሆነ። ሳምንት ሲያልፍ የሳምንቱን መንገር ሆነ። ማታ ሲተኙ ብዕሩን መለወጥ እችል ነበር፤ እሱንም አላደረግኩም፤ ትራሳቸው ሥር ይዘውት ነው የሚተኙት ብዬ ለራሴ ሰበብ ፈጠርኩ። ደግመው አልጠየቁኝም። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ የዚያን የደረቀ ብዕር ድምፅ እሰማለሁ። ቀለም ያለው ብዕር ሲጽፍ ብዙም አይሰማም፤ የደረቀው ግን ይፍቃል። እንዲህ ሲፍቁ ከርመው ከዐቢይ ጾም በፊት አረፉ።

ደብተሩን ከጋቢያቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ያ ድምፅ ግን አብሮ አልገባልኝም። ልጆች በጠመኔ ስባሪ ሰሌዳ ሲጭሩ፣ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ስትጭር፣ ከመስኮቱ ሥር የመጣ ይመስለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፦ አውቀው ነበር ወይስ ሳያውቁ ሞቱ? ሳያውቁ ከሆነ አታልያቸዋለሁ። አውቀው ከሆነ ደግሞ ምን ብለውኝ እንደሄዱ አላውቅም።

የቤተ መጻሕፍቱ አሠልጣኝ የፈረስ ቤት ሰው ነው፤ በልጅነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል። ኮምፒዩተሩን ከእኔ ዓይናማ ተማሪዎች በላይ ያዝበታል። አንድ ቀን «ነገ ከቤታችሁ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ስካነር እንለማመዳለን» አለን። ለምን ያን ደብተር እንዳነሳሁ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። የሚያነበው ሰው እንዳይሆን ፈልጌ ነው፤ ማሽን አይታዘብም።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማሽኑ ሞከራቸው። በእጅ የተጻፈ ነገር ላይ ደካማ ነው፤ የአባቴ እጅ ግን እንደ ማተሚያ ስለሆነ ከመስመሩ ግማሹን ያህል ያዘ። «በ... ዘመን እናቴ... አንዲት ላም» ይላል፣ ደስታም ሐዘንም በሌለበት ድምፅ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደረስኩ።

«ጽሑፍ አልተገኘም» አለ።

ገለጥኩ። «ጽሑፍ አልተገኘም።» ማቆም እችል ነበር፣ ማንም አላስገደደኝም። እየገለጥኩ እሱም እያለ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደሰማ እየተሰማኝ ቀጠልን።

«መምህር፣ ገልብጠውት እንዳይሆን። እስቲ ያምጡት» አለ አሠልጣኙ። ደብተሩን ወስዶ በጣቱ ሲዳብስ እጁ ቆመ። «ይኼ ባዶ አይደለም እኮ።»

«ባዶ ነው» አልኩ በቁጣ።

«ምነው ታዲያ ይቆጡኛል? በሞቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ።» ጣቴን ይዞ በገጹ ላይ አስኬደው። ወረቀቱ ታርሷል። ከዳር እስከ ዳር ትልም በትልም ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እሱ ትልሙን ያገኘዋል፣ ግን የተማረው በብሬል ስለሆነ የፊደልን መልክ አያውቀውም። እኔ መልኩን አውቃለሁ፣ ትልሙን አላየውም። የጣሪያውን መብራት አጥፍተን፣ የስልኬን መብራት ከወረቀቱ ጎን ጠረጴዛው ላይ አጋደምነው። ካሜራው ሥር ሲሆን ትልሙ ጥላ ይጥላል። ስክሪኑ ላይ እግር፣ ክብ፣ ቅጥያ ብቅ አለ። ግን አባቴ ገጹን በሁለቱም ወገን ነው የጻፉት፤ የፊቱ ትልም ከጀርባው ጋር ተጠላልፏል። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተመላልሰን አንድ መስመር እንኳ አልወጣልንም። ያ ሁሉ ወር የተጻፈው ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ መጨረሻ ላይ ያለውን ገጽ ዳበሰና «የዚህ ጀርባው ንጹሕ ነው» አለ። «በአንድ ወገን ብቻ ነው የተጻፈው። በግራ በኩልም ሦስት ጣት ያህል ትተዋል።»

ማመልከቻ እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ለማን እንደተጻፈ ግን አልገመትኩም። አንድ በአንድ እየለቀምኩ ለማንበብ ከምሳ ሰዓት እስከ መዝጊያ ሰዓት ፈጀብኝ።

«ለልጄ
ባለችበት

ጉዳዩ፦ ብዕር እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች የያዝኩት ብዕር ቀለሙን ከጨረሰ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት በብዕር ስለጻፍኩ ድምፁ አይጠፋኝም። ልጄ ይጽፋል ብላኛለች። ደክሟት ነው እንጂ ክፋት የለባትም። ደግሜ ብጠይቃት ታፍራለች ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ሲመቻት፣ እኔ ሳልናገር፣ አዲስ ብዕር እንድትሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከሥሩ ፊርማቸው አለ።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በእሳቸው ነው የተናደድኩት። ለአገሩ ሁሉ አቤት ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ለራሳቸው ሲሆን እንዴት አፍ ያጣሉ? ጮክ ብለው ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? ይልቅ እኔ እንዳላፍር ብለው፣ እንደማላነበው እያወቁ፣ በዚያው በደረቀው ብዕር ማመልከቻ ጻፉልኝ። ውሳኔዬን የማሰፍርበትንም ቦታ አልነፈጉኝም።

«ምን ይላል?» አለ አሠልጣኙ።

«ብዕር ይጠይቃል» አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ቦርሳዬን በርብሬ አንድ ብዕር አገኘሁ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ እንጃ። ዓይኔ ከድካሙም ከእንባውም የተነሳ በዚያ ሰዓት ካሜራው ሥር እንኳ ምንም አይለይም ነበር። በግራ በኩል የተተወውን ቦታ በጣቴ ፈልጌ፣ ፊደሉን ለያይቼ «ተፈቅዷል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ቀለሙ ይውጣ አይውጣ ግን አላውቅም።

«ይጽፋል?» አልኩት፣ ማንን እንደምጠይቅ ረስቼ።

አልሳቀብኝም። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

«ይጽፋል፤ ይቀጥሉ» አለኝ።

ገጹን ስካነሩ ላይ አስቀምጬ ማረጋገጥ እችል ነበር። ደብተሩን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ባጃጅ ልይዝ ወጣሁ።