ወደ አስመራ የሄድኩበት ኅዳር

ቆቦ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ነው። የተወለድኩት እዚያው ቢሆንም እንግዳ ነበርኩ ማለት ይቻላል። አባቴ ከደቡብ ትግራይ ወርዶ ቆቦ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ፊደል ቆጥሬ እንደጨረስኩ አስመራ፣ እህቱ ዘንድ ለትምህርት ላከኝና እዚያው አደግሁ። ስመለስ አባቴም እናቴም በሕይወት አልነበሩም። የገበያው ሰው በአባቴ ስም እየጠራ ያቅፈኛል፤ እኔ ግን ማንንም አላውቅም።

ከአስመራ ሁለት ሱስ ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛው ፒያኖ ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከደንበኞቿ መካከል ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጣሊያናዊት የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ፤ እሷ ቀሚሳቸውን ስትሰፋላቸው እሳቸው በምትኩ እኔን ያስተምሩኝ ነበር። ሁለተኛው ሱስ ብስክሌት ነው። አስመራ ውስጥ እሁድ ጠዋት ማለት የብስክሌት እሽቅድምድም ማለት ነው። እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር እወዳደር ነበር። አሸንፌ አላውቅም፤ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነበርኩ፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ የማስበው እሁድን ነበር።

ቆቦ ፒያኖ የለም። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጣቶቼ እንዳይረሱ ብዬ የክፍሉን ጠረጴዛ እየነካካሁ ባዶውን እጫወታለሁ። ብስክሌቴን ግን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አምጥቼው ስለነበር በየጠዋቱ አንድ ቀን ወደ ዋጃ፣ አንድ ቀን ወደ ሮቢት እነዳ ነበር። የራያ ሜዳ ለነጂ የተመቸ ነው። ግራ ቀኙ ማሽላ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከፊት ደግሞ እንደ ገመድ የተዘረጋ መንገድ።

በስልሳ አምስት በልጉም ክረምቱም ከዳን። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። መጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ፤ ቀጥሎ ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ አውራ ጎዳናው መውጣት ጀመረ። መኪና ስለሚያልፍበት እርዳታም በዚያው ይመጣል የሚል ተስፋ ነበር። እኔ በማልፍበት መንገድ ዳር ቤተሰብ በቤተሰብ ተቀምጦ ይውላል።

አንድ ጠዋት ከሮቢት ስመለስ ሰንሰለቴ ወለቀና ቆምኩ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጠላቸው እላያቸው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ሰንሰለቱን ስመልስ ሲያዩኝ ቆዩና፣

«አንት ልጅ፣ ማን እያሳደደህ ነው?» አሉኝ።

«ማንም የለም አባቴ።»

«ትናንትም ስትሮጥ አይቼሃለሁ። ወዴት ትደርሳለህ?»

«ሮቢት ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ሮቢት ምን አለህ?»

«ምንም የለኝም። እንዲሁ ነው።»

አልተቆጡም። ነገሩ እውነት ግራ ገብቷቸው፣ «እንዲሁ» አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እሳቸው ከድንጋዩ ለመነሣት የሚበቃ ጉልበት የላቸውም፤ እኔ የተረፈኝን ጉልበት መንገድ ላይ እየበተንኩ ነው። ላቤ ሲንጠባጠብ እያዩኝ ማፈሬን አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ብስክሌቱን አልተውኩም። ሰው ሳያየኝ በጎህ መውጣት ጀመርኩ እንጂ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር፤ ቀጥሎም መቅረት ጀመሩ። የዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ የባልትና አስተማሪ ነበረች ነገሩን የጀመረችው። ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። እኔ «እትዬ» ነበር የምላት። ከደመወዛችን አዋጥተን፣ ከነጋዴዎቹ ለምነን፣ በባልትና ክፍሉ ትልቅ ድስት ጥደን ለልጆቹ አጥሚት ማብላት ጀመርን። ሥራው በተራ ነው። በኋላ የልጆቹ እናቶችም በሩ ላይ መጡ። ከዚያ በሽተኞቹ መጡ። እሷ ማንንም አትመልስም ነበር።

ኅዳር ላይ የአውቶቡስ ሾፌር የአክስቴን መልእክት አመጣልኝ። ከጣሊያን የኦፔራ ዘፋኞች አስመራ ይመጣሉ፤ የፒያኖ አስተማሪዬ ቦታ ይዘውልኛል፤ በዚያው እሁድ ጠዋት እሽቅድምድም አለ፤ ና የሚል ነው።

ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር መናገር አለብኝ። ኦፔራ ማለት ተዋናዮቹ ንግግራቸውን ሁሉ በዜማ የሚሉበት ትያትር ነው። በልጅነቴ ከአስመራው ትልቅ ትያትር ቤት ጎን ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ እሰማ ነበር። አስተማሪዬ ሙዚቃውን በፒያኖ ቆራርጠው አስተምረውኛል። ገብቼ ግን አላውቅም። ያን ደረጃ ወጥቼ ወንበር ላይ መቀመጥን ከማንኛውም ነገር አብልጬ እመኝ ነበር።

ድስቱን ስናጥብ ለእትዬ ነገርኳት። ልሄድ ነው አላልኩም። «ተጠርቼ ነበር፤ ግን አሁን እንዴት ይሆናል» ነው ያልኩት። እንድትፈቅድልኝ ፈልጌ እንደሆነ ያኔም አውቀዋለሁ።

«ስንት ጊዜ ይመጣል እንዲህ ያለው?» አለችኝ።

«ሌላ ጊዜ መምጣቱን እንጃ።»

«ሂድ እንግዲህ። ተራህን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ይበዛብሻል እትዬ።»

«በዝቷልማ። አንተ ሳትሄድ ብትቀር ይቀንሳል?»

እኔም ሄድኩ። ብስክሌቴን ጣሪያ ላይ አስጫንኩ፤ ዳቦ ቆሎዬን በከረጢት ያዝኩ። ዋጃ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሰዎች መንገዱን አቋርጠው ተኝተዋል። ሞተው ሳይሆን መኪና እንዲቆምላቸው ነው። ረዳቱ ወርዶ እየለመነ ሲያነሣቸው ተሳፋሪው በመስኮት ያለውን ይወረውራል። እኔ መስኮት ሥር አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት ቆመው ነበር። የከረጢቴን ግማሽ በእጃቸው ላይ ገለበጥኩላቸው። ግማሹን አስቀረሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ።

«አላህ ይስጥህ። ወዴት ነህ ልጄ?»

«አስመራ።»

«ለሕክምና ነው?»

ከጣሪያው ላይ ብስክሌቱ ይታያል። ለዘፈን ነው ልበላቸው? አፌ ላይ የመጣልኝን «አዎ እናቴ» አልኩ።

«እኔን! አላህ ይማርህ። አላህ በደኅና ይመልስህ» አሉና በዳቦ ቆሎ የተሞላ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡልኝ። አንዲት ፍሬ ገና አልቀመሱም ነበር።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አላማጣን አልፈን የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፤ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ። እንቅልፍ እንደወሰደኝ ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

እሁድ ጠዋት ተወዳደርኩ። በአስመራ የእሽቅድምድም ቀን ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ይወጣል። ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ፣ አሮጊቶች በወንበር ላይ ናቸው። ነጂው ሲያልፍ ሰው እጁን ዘርግቶ ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ውሃ ይሰጠዋል። ከኋላ ለሚቀረው ደግሞ የበለጠ ያዝኑለታል። ዳገቱ ላይ ሁለት ረድፍ የተዘረጋ እጅ አየሁ። እኔ በምነዳበት መንገድ የሚዘረጋው እጅ ለመቀበል ነበር። አንዲት ሴት የተላጠ ብርቱካን እጄ ላይ አደረገችልኝ። ልጥለው አሰብኩ፤ ግን ጠምቶኝ ነበርና በላሁት። ጣፈጠኝም።

ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪዬ ጋር ወደ ትያትር ቤቱ ገባሁ። እሳቸው በጣም አርጅተው ክንዴን ይዘው ነው ደረጃውን የወጡት። መብራቱ ደበዘዘ፣ ሙዚቃው ተነሣ። ከግድግዳ ጀርባ የማውቀው ድምፅ ያለ ግድግዳ መጣ። መዋሸት አልችልም፤ ደስታዬ ሙሉ ነበር። ቆቦን ረሳሁ። ድስቱን፣ የዋጃን እናት፣ ሁሉንም ረሳሁ። መጨረሻው ላይ የኦፔራው ባለታሪክ ሴት ታማ አልጋዋ ላይ ሆና እየዘፈነች ስትሞት አዳራሹ ሙሉ መሐረብ አወጣ። እኔም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። መጋረጃው ሲወርድ ነው፣ በዚያ ዓመት ካየሁት ሞት ሁሉ ለአንዱም እንዲህ አላለቀስኩም ብዬ ያሰብኩት።

ስንወጣ አስተማሪዬ፣ «ያ አገርህ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ደረቅ ነው» አልኩ። ያን ቀን ላበላሽባቸው አልፈለግሁም። ለራሴም ማበላሸት አልፈለግሁም።

ማምሻውን ግን አክስቴ እራት አቅርባ ስታየኝ አልበላልኝ አለ። ምን ሆንክ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ መንገዱን፣ ልጆቹን፣ ለሕክምና ነው ብዬ የዋሸሁትን። መርፌዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝ።

«እና ይህን ሁሉ ይዘህ ነው ትናንት ከመጣህ ጀምሮ ዝም ያልከው?»

«ምን ልበል ብዬ ነው?»

«ወደይ፣» አለችኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለቷ ነው፤ «አንተ ዘፈን ስትሰማና ብስክሌት ስትነዳ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የከፋኝ። ትናንት ብትነግረኝ ዛሬ ስንት በር እናንኳኳ ነበር!»

በማግስቱ ጎረቤቶቿን ሁሉ አዳረሰች። ዱቄት፣ ደረቅ ዳቦ፣ ስኳር ሰበሰበች። እኔም ወደ ሥራዬ ሳልመለስ አንድ ተጨማሪ ቀን እዚያው ዋልኩ። አስተማሪዬም ሰምተው ኖሮ የባላቸውን ካፖርትና ብርድ ልብሶች በሰው ላኩ። ቃል ግን አልላኩልኝም፤ «ደረቅ ነው» ብዬ መደበቄ ከፍቷቸው ይሆናል። ብስክሌቱን አስመራ ትቼ በእሱ ቦታ ጆንያዎቹን አስጫንኩ።

ቆቦ ስደርስ የባልትናው ክፍል ተዘግቷል። ዘበኛው፣ «እሷማ ተኝታለች» አለኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ተስቦ ነው ብሏል። በዚያ ረሃብ ውስጥ ቅማሉም ተስቦውም ከሰው ሰው ይዛመት ነበር። የእኔንም ተራ የራሷንም ተራ ይዛ፣ በሽተኞቹን በእጇ እያጎረሰች ቆይታ፣ አንድ ጠዋት ድስቱ አጠገብ ወድቃ ነው ያነሷት። እሷ ከወደቀች በኋላ ደግሞ ሌሎቹ አስተማሪዎች ተስቦውን ፈርተው ስለራቁ እሳቱን ያነደደ ሰው አልነበረም። ከክፍሌ ሁለት እህትማማቾች በዚያ ሳምንት ነው የሞቱት። አጥሚቱ ባይቋረጥ ይተርፉ ነበር ወይ? ድሬሰሩን ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንተም አታውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። አለማወቄ ግን አላሳረፈኝም።

በመጣሁበት ቀን እሳቱን አነደድኩ። ቀን ድስቱ ጋ፣ ሲመሽ እሷ ጋ ሆንኩ። ፀጉሯ ተነቃቅሎ አለቀ፤ ስትቃዥ ከዚህ ቀደም የሞቱባትን የራሷን እህቶች ትጠራለች። ትኩሳቱ ለቋት ዓይኗን የገለጠች ዕለት መጀመሪያ ያለችኝ፣

«ዘፈኑ እንዴት ነበር?» ነው።

«እትዬ፣ እባክሽ ተይው።»

«ምን እተወዋለሁ? እኔ የከፈልኩበት አይደለም እንዴ! ንገረኝ።»

እያፈርኩ ነገርኳት። ሴትየዋ ታማ እየዘፈነች እንደምትሞት ስደርስ አቋረጠችኝ።

«አልጋ ላይ ሆና?»

«አዎ።»

«ረጅም ዘፈን?»

«ረጅም።»

«ውሸታሞች፣» አለች፤ «እኔ ውሃ ስጡኝ ማለት እንኳ አቅቶኝ ነበር።» ሳቀችና ሳል አቋረጣት። ውሃ አጠጣኋት።

ካገገመች በኋላ የእሷን ተራ ሁሉ እኔ ያዝኩ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም ነበር። አንድ ቀን ሻሿን አስራ መጥታ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ለእኔ ካሳ ብለህ ከሆነ አልቀበልም፤ ማንኪያውን አምጣ» አለችኝ። «ለልጆቹ ከሆነ ደግሞ ውሃ ጨምር። በጣም ወፍሯል፤ ለባዶ ሆድ ይከብዳል።»

ውሃ ጨመርኩ። ማንኪያውንም ሰጠኋት፤ ከዚያ ጀምሮ እንደገና በተራ ሆነ።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ተመለሰ። እሷ ወደ ደሴ ተዛወረች፤ አግብታ ወለደች፤ በአውደ ዓመት ባለፍኩ ቁጥር እጠይቃታለሁ። ፀጉሯ በቅሏል፤ ግንባሯ ላይ ያለው ብቻ ሳስቶ ቀረ። እኔም ሙዚቃ አልተውኩም። በኋላ ዘመን፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ልጄ ባለችበት አገር ሁለት ሦስት ታላላቅ ኦፔራ ቤቶች ገብቻለሁ፤ ቤቴም አሮጌ ፒያኖ አለ። ስጫወት ደስ ይለኛል። ደስ ማለቱ እንዴት ሳይቀንስ እንደቀረ ነው የማይገባኝ። የዋጃዋን እናት ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ከአስመራ ስመለስ አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም ወርጄ ፈልጌያቸው ነበር፤ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ «የትኛዋን ነው የምትለው? ብዙዎቹ ወደ አላማጣ ሄደዋል፤ ብዙዎቹም የሉም» አለችኝ። ለእሷ ከጆንያው ፈትቼ ዳቦ ሰጠኋትና ተሳፈርኩ።