ቃሬዛ ተሸካሚው

ባለቤቴ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ሠርግ ላይ ወንዶቹ እየተነሡ ሲፎክሩ እሱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም።

«አንተስ ስንት ጣልክ? ንገረን እንጂ!» ይለዋል ጎረቤታችን አቶ ደምሴ።

«እኔ ቁስለኛ በቃሬዛ ስሸከም ነው የከረምኩት።»

«ለተሸካሚነትማ የኢተያ ስንዴ ገበያ አይቀርብህም ነበር?» ብሎ ሰዉን ያስቃል።

ባለቤቴ ሠርግ መሄድ ተወ። ሰውም ራቀው። በሞተ ጊዜ የለቅሶው ድንኳን ሰፍቶን ነበር።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አሰላ ውስጥ የኮሪያ ጦርነት ፊልም ይታያል ተባለ። ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረ ልይለት ብዬ ብቻዬን ሄድኩና ከፊት ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። አቡጀዲው ላይ መድፍ ባጓራ ቁጥር ሰዉ ያጨበጭባል። በመሀል ሁለት ሰዎች ፊታቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ጎንበስ ብለው፣ ቃሬዛ ተሸክመው በጥይት መሀል ሮጠው አለፉ። መሣሪያ እንኳ አልያዙም። ሳላስበው ብድግ ብዬ «እኔን!» ብዬ ጮኽኩ። ከኋላዬ ሳቁብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ደምሴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ከፊት የነበረው ተሸካሚ እሱ ነው፣ አይደል? አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ በድዬዋለሁ።»

ፊልሙ ላይ ከተሸካሚው ቆብ ሥር የወጣውን ልስልስ የፈረንጅ ጸጉር በደንብ አይቼዋለሁ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩት። «ይግቡ።»