የአረፋ ሱፍ

ባለፈው ቅዳሜ ፍሪስኮ ውስጥ ልጄ ቤዝቦል ሲጫወት እያየሁ ሳለ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ አባት የሱፍ ፍሬ ከረጢት ቀደደ። ይኸውልሽ፣ እዚህ ቴክሳስ ቤዝቦል ያለ ሱፍ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ፍሬውን በጥርሱ እየሰበረ ቅርፊቱን ይተፋል። የተቆላው ሱፍ ሽታ ከተቆረጠው ሣርና ፀሐይ ካጋለው አግዳሚ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ልጄ ኳሷን ይምታት ይሳታት ሳላይ ቀረሁ። ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ለተቃራኒው ቡድን መሆኑን ያወቅኩት ልጄ ዞሮ ሲያፈጥብኝ ነው።

ምን ላድርግ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ግሬፕቫይን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያደግኩበት ከተማ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሁለቱም ደሴ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እኔ የመጣሁት በሦስት ዓመቴ ስለሆነ አማርኛዬ በሙሉ ከእማዬ የስልክ ወሬ የለቀምኩት ነው። ያን ዓመት፣ ትምህርት እንደተከፈተ፣ ሥጋ ለመተው ወሰንኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ዶሮ እርባታ አንድ ፊልም አሳዩን፤ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን መዘርጋት እስኪያቅታቸው ተጠቅጥቀው አየሁና አለቀስኩ። ይህ እውነት ነው። ግን ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ የጨርቅ ቦርሳ አንግተው፣ ሰላጣቸውን በብርጭቆ ዕቃ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር መቀመጥ በጣም አምሮኝ ነበር። ከዶሮዎቹና ከጠረጴዛው የትኛው እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም።

ቤት የነገርኳቸው እራት ላይ ነው። ትሪው ላይ ቀይ ወጥ ነበር።

«ማለቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቪጋን ሆኛለሁ» አልኩ።

አባዬ የጠቀለለውን እንደያዘ «ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ሥጋ የለም። ወተት የለም። እንቁላል የለም። ቅቤ የለም።»

ትንሽ አሰበ። «ዓሣስ?»

«ዓሣም የለም።»

«እና ጾም ነዋ» አለ ወደ እማዬ ዞሮ።

«ያውም የከረረ ጾም» አለች እማዬ። «መቼ ነው የሚፈታው?»

«አይፈታም።»

አባዬ ጎረሰና ረጅም ጊዜ አኘከ። የአንድ ሳምንት ነገር መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ በእኔ በኩል ያለውን ሥጋ ወደ ራሱ ሳበው። እማዬም ምስሩን በዘይት እየሠራች ታቀርብልኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ አረፋችን ካልነገርኩሽ ቀሪው አይገባሽም። አባዬ በየዓመቱ ከሶላት በኋላ ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በግ ያርዳል። ቤት ሲገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ጉበቱን ይጠብሳል። ኩሽናችን ጠባብ ነው፤ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፣ እማዬ በመጥረጊያው እንጨት ትጠልዘዋለች፣ እንግዶች ይስቃሉ። ከዚያ ማንም ሳይቀምስ አባዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ» እያለ እኔን ያጎርሰኛል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነበር። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ አልቆዩም፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያቺን ጉርሻ አባዬ እንዴት እንደሚያያት ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ያን ዓመት አረፋ የዋለው ክርስቲያኖቹ የገናን ጾም በያዙበት ሰሞን ነው። በዓሉ በቀረበ ቁጥር ያቺን ጉርሻ ማሰብ ሥራዬ ሆነ። ጉበቱን ብበላ ራሴን ልታዘበው ነው፤ ባልበላ የአባዬ እጅ በሰው ፊት ተዘርግቶ ሊቀር ነው።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አባዬ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ወሰደኝ። የጾም በያይነቱ አዘዝኩ፤ ሌላ ምን ላዝዝ? ከማዶ ጠረጴዛ ከመስጊድ የምታውቀን አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ነበር። ሰላም አለችን፣ ትሪዬን አየች፣ እንደገና አየች፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ማታ ስልክ ተደወለ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ክፉ አይሁንብሽና» አለች ሴትዮዋ፣ «ልጅቷ የገናን ጾም ይዛለች ይባላል። እኔ እንኳ አላመንኩም።»

«ኧረ ቪጋን ሆና ነው» አለች እማዬ።

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሱ ደግሞ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?»

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠችና አፏን በክንዷ ሸፈነች። ሳቋን ስትውጥ «ወላሂ ሃይማኖት አይደለም፣ ቅጠል መብላት ነው» አለች። ሴትዮዋ ግን አልተዋጠላትም። «እንግዲህ አረፋ ላይ ጉበቱን ስትጎርስ እናያለን» ብላ ዘጋችው።

አባዬ ሶፋው ላይ ካልሲውን እያወለቀ ሁሉንም ሰምቷል። እሱ አልሳቀም።

«ሰው ያለውን ይበል» አለኝ። «እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጉርሻዬን ትቀበያለሽ?»

«አባዬ፣ ሥጋ ከሆነ አልችልም። አይም ሶሪ።»

«ኦኬ» አለ።

አባዬ ኦኬ የሚለው ሲከፋው ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ሎት ላይ፣ ጉዱን ለጓደኛው አወራለት። ጋሼ የምላቸው እኚህ ሰው የደሴ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ሚስት የሌላቸው፣ ምሳቸውን ራሳቸው ሠርተው የታክሲያቸው ኮፈን ላይ ዘርግተው የሚበሉ ሰው ነበሩ። የሆነውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። አባዬ ተናግሮ ሲጨርስ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው «ጾም እንዳንተ ቤት የከበደበት አላየሁም» አሉት። ከዚያ ግን ፊቱን አዩና «ሱፍ ፍትፍት ለምን አትሠራላትም?» አሉ።

አባዬ ሱፍ ፍትፍትን የሚያውቀው ልጅ ሆኖ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ቤት ነው። በጣም ይወደው እንደነበር ትዝ አለው። እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ከነዳጅ ማደያ ሦስት ከረጢት ሱፍ ገዝቶ ገባ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አላነበበም። ፈጭቶ በውኃ በጠበጠው፤ ኩሽናው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲሸት ተጠራጥሬ ከረጢቱን አነሳሁ። ራንች የሚሉት ጣዕም ነው፤ አሜሪካኖች ሰላጣ ላይ የሚያፈሱት ነጭ ስጎ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ወተት አለበት» አልኩት።

«ሱፍ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታለበው?» አለኝ፣ በጣም ተናዶ።

ሁለተኛው ሙከራ ራንች አልነበረበትም፣ ጨው ግን ነበረበት። እማዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣች። በመጨረሻ ጋሼ ከሕንዶች ሱቅ ጥሬ ሱፍ ይዘው ራሳቸው መጡ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፣ አባዬ ሽርጥ ታጥቆ ያምሳል። «አታሳርረው። አሁን አውጣው። በደንብ ፍጨው እንጂ፣ ፈራኸው እንዴ?» ማጥለያ ስላልነበረን አባዬ የእማዬን አዲስ ነጭ ሻሽ አነሳ። እማዬ ጮኸች፣ ግን ዘግይታለች፤ ከሻሹ ሥር ነጩ ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ቤቱ ያን ቀን የሸተተውን ነው ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ዳር የሸተተኝ።

የአረፋ ዕለት አባዬ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ትሪ ዘረጋ። የወሎ ሰው ይህን ያውቃል። እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ አይበላም፤ ስለዚህ በዓል ያለበት ቤት ለጎረቤቱ የሚሆን ሌላ ትሪ ያሰናዳል፣ ማንም ሳይቀየም አብሮ ይውላል። ትልቁ ትሪ መሐል ላይ ሆነ። ትንሹ፣ ሱፉ ያለበት፣ መስኮቱ ሥር ሆነ፤ እዚያ ጋሼ ተቀመጡ።

እኔ የት እንደምቀመጥ የነገረኝ የለም። ሄጄ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። እንግዶቹ ሁሉ በትልቁ ትሪ ዙሪያ ናቸው፤ ያቺ ሴትዮም ከነዓይኗ መጥታለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ፣ ያውም ማንም ሳያስወጣኝ በራሴ እግር ሄጄ። አሁን ተነስቼ ጉበቱን ልብላና ይገላግለኝ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ዶሮዎቹንም ጠረጴዛውንም ረስቼ ነበር።

አባዬ ጉበቱን ከነመጥበሻው ይዞ ወጣ። የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፣ እማዬ በእንጨቱ ትጠልዘዋለች። መጥበሻውን ትልቁ ትሪ ላይ አስቀመጠና «ቢስሚላህ በሉ» አለ። ማንም እጁን አልሰደደም፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለምደዋል። ሁሉም እኔን ያየኛል።

አባዬ ወደ ኩሽና ተመለሰ። የቧንቧ ድምፅ ሰማን። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አሽትቶት እንደገና ታጠበ። ከዚያ ትልቁን ትሪ አልፎ መጣና መስኮቱ ሥር፣ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሱፍ የጠጣውን እንጀራ በጥንቃቄ ጠቀለለ።

«የመጀመሪያው ያንቺ ነው» አለ፣ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማ። «በሞቴ።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሪያው አንጀቴ ድረስ አቃጠለኝና እንባዬ መጣ። ያን ዕለት ለጠየቀኝ ሁሉ ቃሪያው ነው አልኩ። ቃሪያው ብቻ አልነበረም። አባዬን ያን ቀን የወደድኩትን ያህል የወደድኩበት ቀን አላስታውስም።

አባዬ ራሱ ያረደውን በግ ሳይቀምስ ሱፍ በልቶ ጠገበ። ሴትዮዋ ጥቂት ከታገሰች በኋላ ሳህን ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች። «እስቲ ይሄን ቪጋናችሁን ልየው» ብላ ቀመሰች። ስትሄድ በእርጎ ዕቃ ተሞልቶላት ነው፤ አሠራሩንም ከጋሼ በወረቀት አስጽፋለች።

ቪጋንነቴ የቆየው ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ሠርግ ላይ ጥብስ ሸተተኝ፣ በዚያው አለቀ፤ ሦስት ሳህን በላሁ። ለአባዬ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? እሱ እንደሆነ በሱፍ ስሙ ተጠርቷል። ክርስቲያኖቹ ሾፌሮች በጾማቸው «ሱፍ ሥራልን» ብለው ኮል ያደርጉለታል። በየአረፋው እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ትንሹ ትሪ ጋ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ ስገባ ቪጋን፣ ስወጣ ሥጋ በል ሆኜ ከአሥር ዓመት በላይ ዋሸሁት። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ይዤው ስሄድ መኪናውን ፓርክ እያደረገ ያስጠነቀቅኩት «አባዬ ፊት ስለ በርገር እንዳታነሳ» ብዬ ነው።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። የመጨረሻው አረፋው ላይ በጉን ያረደው ሌላ ሰው ነበር፤ ጉበቱን ግን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ጠበሰ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኩሽናውን በዘይት ሞላው። እንደ ልማዱ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ፣ ሱፉን ጠቀለለ፣ መዳፉ ውስጥ ትንሽ አቆይቶ አጎረሰኝ።

መጀመሪያ ቀዝቃዛው ሱፍ መጣ፣ ከዚያ ዝንጅብሉ። ቀጥሎ ጥርሴ ሥር ትኩስና ለስላሳ ነገር ገባ። ጉበት ነው።

ማኘኬን አቆምኩ። አባዬን አየሁት። እሱ ትሪውን እያየ እንጀራ ይቆርሳል። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረዋል፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ሱፉ እንዴት ነው?» አለ አባዬ።

«ጣፍጧል፣ አባዬ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ። ሌላ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ።»

ሁለተኛው ላይ ጉበቱ በዝቶ ነበር።