የጀመሯትን ሳይጨርሱ

አዲሷ ነርስ ጤና ጣቢያው ከገባች ሦስት ሳምንቷ ቢሆንም ሻንጣዋን አልፈታችም፤ የዝውውር ማመልከቻዋም ጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው። ከእሷ በፊት የመጡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሄደዋል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል፦ ሰፈርተኛው «እትዬ ክትባት» የሚላቸው አንጋፋዋ ነርስ እንዴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጡ? ደመወዙ እንደሆነ ያው ነው፤ ጣሪያውም ያፈሳል።

አንድ ጠዋት የክትባቱን ፍሪጅ ሲከፍቱ ጠየቀቻቸው።

«እኔም በመጣሁ በወሩ ልቤ ሸፍቶ ነበር» አሉ። «ክትባት የጀመርኩላቸውን ሕፃናት ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ይኸው እስከዛሬ አልጨረስኩም።»

ነርሷ ሳቀች። ሰው በዚህ ይታሰራል እንዴ?

ወዲያው አንዲት እናት ልጇን ክትባት ልታስጀምር ገባች። እትዬ ክትባት መርፌውን ለነርሷ አቀበሉና ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ነርሷ ወጋች፤ ልጁ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ካርዱ ላይ ስሟን ጻፈች።

«የመጨረሻው መቼ ነው?» አለች እናትየው።

«አሥራ አምስት ወር ሲሞላው።»

«ያኔም አንቺው ነሽ የምትወጊው?»

ነርሷ ኪሷን ዳበሰች። «አዎ» የሚለው ቃል ሳታስበው አመለጣት።

እትዬ ክትባት ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ «እንግዲያው ሻንጣሽን ፍቺ» አሉ።