የእህቱ ነስርና የሕፃኑ ግርዛት

በመተማ ሙቀት የማይነስረው ሰው የለም። ስለዚህ የልጅ ልጄ አፍንጫዋ ደም ባወረደ ቁጥር አናቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስን «በረሃው ነው» እንል ነበር። የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ግን ደሙ አልቆም አለ። እናቷ አራስ ናት። ከልጅ ቤት ልጅ ቤት መዞር የለመድኩት እኔ ይዣት ጎንደር ገባሁ።

ሐኪሙ ደሙን በመድኃኒት ካቆመላት በኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ሰው ሲቆስል ቀዳዳውን የሚደፍኑ ደቃቅ ነገሮች በደም ውስጥ አሉ አለኝ። የእሷም ቁጥራቸው አላነሰም፤ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት እጅ ግን ከተፈጥሮ የላቸውም። እናትና አባት ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ፣ ጉድለቱን ከሁለቱም የወረሰ ልጅ ነው እንዲህ የሚሆነው።

«እማማ፣ ወንድም ወይ እህት አላት?» አለኝ።

አዲስ የተወለደ ወንድም አላት ስለው፣ እሱም ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር ስለት እንዳይነካው አለኝ። በማግስቱ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ይገረዛል።

ብንደውል ብንደውል ስልኩ አልገባ አለ። ጎህ ሲቀድ ልጅቷን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገንዳ ውሃ ላይ ሹፌሩ ሰው እስኪሞላ ብሎ ቆመ። ልጄ፣ የሚገረዝ ሕፃን አለብኝ ብዬ ለመንኩት።

«ገራዧ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ቢል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ የሚታየኝ ምላጩ ብቻ ነበር።

ስደርስ ሽማግሌው ገራዥ እጁን እየታጠበ ነው። ሐኪሙ ያለኝን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አማቼ ተቆጣ።

«ታዲያ ልጄ ሳይገረዝ ክርስትና ሊነሳ ነው?»

ገራዡ ጥጥ ነክሳ የቆመችውን ልጅ ተመለከታት። ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «እኔ አልነካውም» አለ።

ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ለምርመራ ከእጁ ጀርባ ትንሽ ደም ቀዳችና ጥጡን እንድይዝ ሰጠችኝ። ጥቂት ቆይታ አሁን ያንሱት አለችኝ። ጣቴ እምቢ አለ። ደግማ ስትለኝ አነሳሁት። ቀይ ጠብታ ብቅ አለች፤ ስጠርጋት ሌላ ተከተለች።

አማቼ ከኋላዬ ሆኖ ያይ ነበር። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይጫኑት፣ እናቴ» አለኝ። «እንዳይለቁት።»