መዝገቤ ላይ ያልነበረው ክላሽ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈበት፤ እኛ ግን ዛፍ የሚባል ስላልነበረበት «መላጣው» እንለው ነበር። ከሰሜኑ ድንበር ብዙም አይርቅም። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋንታችን ከግርጌው ደረሰች። መቶ አለቃችን ብዙ ማውራት የማይወድ ሰው ነበር፤ ትእዛዙን በሁለት ቃል ጨረሰው። «ፀሐይ ሳትወጣ እንነሳለን። የወደቀውን ሰው የኋላው ያነሳዋል፤ እናንተ ቀጥሉ» አለን።

ተነሳን። መጀመሪያ ከላይ የመሸጉት ዝም ብለው አስጠጉን። ግማሹን መንገድ ስንወጣ ብሬኑ መትረየስ ከላይ ተከፈተ። ተኛን። እንደገና ተነሳን። ከፊቴ የነበሩት ሁለቱ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም፤ አስታውሳለሁ የሚላችሁ ካለ ይዋሻል። አፌ ውስጥ አፈር ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ምሽጉ ውስጥ ገብተን ተቀምጠናል፤ ውሃ የነበረው ሰው ግን አልነበረም። ጀግንነት እንድተርክላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተውት፣ እሱ እኔ ዘንድ የለም።

እኔ አስር አለቃ ነበርኩ። የጋንታችን የመሳሪያ መዝገብም በእጄ ነበር። እያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም በማን ስም እንደወጣ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ጠዋት እቆጥራለሁ፣ ማታ እቆጥራለሁ። ሰው ሲሞትብን እንኳ ከማልቀሳችን በፊት መሳሪያው ይቆጠራል። ያን ዕለትም ቆጠርኩ።

«አንድ ይጎድላል» አልኩ።

ጎኔ የተቀመጠው ምትኩ ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ካለችው ቀበሌያችን አብረን የዘመትን፣ እርሻችን የሚጎራበት ያገሬ ልጅ ነው። «እስቲ ደግመህ ቁጠር» እንኳ አላለኝም። ከወዲያኛው ሸንተረር ገና እየተተኮሰ በሆዱ እየተሳበ ቁልቁል ወረደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ጠመንጃውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ክንዱ ደም ለብሶ መጣ።

«እንካ ጻፈው» አለኝና ተጋደመ።

እኔም ጻፍኩት። ልክ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ መዝገብ የሚባለው ነገር ሲሠራ አይቼ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው ቡሬ የዘመድ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዳሱ ውስጥ ከተማ የተማሩ ልጆች ስለ መሳሪያ ሕግ ይከራከራሉ። አንደኛው «ሕጉ ትጥቅ የሚያስፈታው ሕግ የሚያከብረውን ሰው ነው፤ ሽፍታ መቼም ፎርም ሞልቶ አያውቅም» ይላል። ሌላው «እና ዝም ይባል? በየድንበሩ እንደተጨራረስን እንኑር?» ይለዋል። በኋላ አንዱ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ አበጀ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ፤ እውነት ሕጉ ይሠራል?» አለኝ። የሠርግ ቤት ነው፣ ምን ልበለው? «ብሉ እባካችሁ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልተወኝም። መልሴ ይኸው።

ከግንባር ከተመለስን ብዙ ዓመት በኋላ፣ ገና አገሩ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ላይ ሳይደርስ፣ ቀበሌው መሳሪያ ሊመዘግብ ተነሳ። ያስመዘገበ ሰው መሳሪያውን ቤቱ ያስቀምጣል፤ ገበያና እርሻ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው። ያላስመዘገበ ይቀማል። «መዝጋቢ ማን ይሁን?» ሲባል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። አስር አለቃ አበጀ የጠመንጃ ቁጥር መጻፍ ያውቅበታል ተባለ። እውነት ነው፣ አውቅበታለሁ።

ምትኩ ያን ጊዜ ከአያሌው ጋር በድንበር ጠብ ላይ ነበር። አያሌው ከምትኩ ማሳ በታች የሚያርስ፣ ዝምተኛና ቂም የማይረሳ ሰው ነው። ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ሥሩ ወደ ምትኩ ማሳ እየገባ በርበሬውን አደረቀው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ተበተነ። እንዲህ ባለ ጊዜ አስመዝግብ ስለው ምትኩ አመነታ።

«እኔ አስመዝግቤ ቤት ሳስቀምጠው፣ እሱ ደብቆ ይዞ ቢዞርስ?» አለኝ።

«የሱን ለእኔ ተወው። ያለውን ሁሉ አስመዘግበዋለሁ» አልኩት።

«በቃ፣ አንተ ካልክ» አለና በማግሥቱ ከአባቱ የወረሰውን ክላሽ ይዞ መጣ። ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲያ እርሻ ሲወርድ ከዶማና ከበትር በቀር አልያዘም። ሰው ቢያሾፍበትም ግድ አልሰጠውም።

አያሌውም መጣ። አሮጌ ምንሽር ይዞ። «ይኸው፣ ያለኝ ይኸው ነው» አለ። ክላሽ እንዳለው ሲወራ ሰምቻለሁ። ግን ሰው ቤት ገብቼ ጎተራ ልፈትሽ? ነገ ጎረቤቱ ነኝ፣ በአንድ ማኅበር እንጠጣለን፣ ሚስቱ የልጄ ክርስትና እናት ናት። ምንሽሩን ጻፍኩ። ግንባር ላይ ብሆን «ሌላውስ?» እል ነበር፤ እዚያ ማንም አበልጄ አልነበረም።

በዚያው ዓመት፣ በርበሬው መቅላት ሲጀምር፣ የአያሌው አባት ሞቱ። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ለቅሶ ወጣን፣ ጠበኛው ምትኩም ሳይቀር። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲቀበር ይተኮሳል፤ ይህን ሕግ አላስቀረውም፣ የሚያስቀረውም አይመስለኝም። አስለቃሹ የሽማግሌውን ሙያ እየጠራ ሲያስለቅስ ምንሽሩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ቆየና ደገመ። ከዚያ ከቤቱ ጓሮ ሦስት ጥይት በተርታ ተተኮሰ።

ክላሽ ነው። እኔ ይህን ድምፅ እንቅልፌንም ተኝቼ አልስተውም። የቀበሌያችንን ክላሽ ሁሉ በባለቤቱ አውቀዋለሁ፤ አምጥቶ የተኮሰ ሌላ ሰው እንደሌለም ዓይኔን ዞር አድርጌ አየሁ። ጓሮው የአያሌው ነው፤ የተኮሰው ከዘመዶቹ አንዱ ይሆናል። መዝገቤ ላይ የሌለው ክላሽ እዚያ ነበር።

ልነሳ ብዬ ነበር። የሚሊሻው አዛዥ ከእኔ አራት ሰው አልፎ ነበር የተቀመጠው። ግን አባቱን የቀበረ ሰው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ አፈር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በለቅሶው ቀን ይከሰሳል? ኧረ ነውር ነው! ሰው ምን ይለኛል? እርሙን ያውጣ፣ አርባው ይውጣ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ሄጄ «አምጣ» እለዋለሁ አልኩ በልቤ። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ንፍሮዬን በልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አርባው ሊወጣ ስድስት ቀን ሲቀረው የወረዳው ፍርድ ቤት ለምትኩ ፈረደለት። ዛፉ ይነቀል ተባለ። በማግሥቱ ጠዋት ምትኩ ሥሩን ለመቁረጥ ድንበሩ ላይ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ከበላይ ማሳዬ ላይ አረም እነቅላለሁ። ሦስት ጥይት ሰማሁ፣ በተርታ።

ሮጥኩ። እያወቅሁት ነው የሮጥኩት። ምትኩ በግንባሩ ወድቋል፤ ዶማው ከሥሩ ነው። ከኋላ ነው የተመታው። አንዳንዱ «መሳሪያውን ይዞ ቢወጣ ኖሮ» ይላል፤ ሌላው «ከኋላ ለተመታ መሳሪያ ምን ይረባዋል» ይላል። እኔ አላውቅም። አያሌው ቆላ ወርዶ ሰነበተና ኋላ እጁን ሰጠ፤ ዛሬ እስር ቤት ነው። ክላሹ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለ፤ እኔን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል።

የምትኩን ሚስት የሺን ዓመት ሙሉ ሸሸኋት። እህል አሳጭድላታለሁ፣ ጎተራዋን አሠራላታለሁ፣ ግን ዓይኗን አላይም። አንድ ቀን ግን አቃተኝ። አውድማዋ ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ስትለቅም አገኘኋትና ጎንበስ ብዬ ተናገርኩ።

«የሺ፣ የነገርኩሽ ቀን ትረግሚኛለሽ። ክላሹን እኔ ሰምቼው ነበር። በለቅሶው ቀን፣ ሽማግሌው ሲቀበሩ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም። በርበሬዋን መልቀሟን ቀጠለች።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ አበጀ» አለችኝ። «እሱም ሰምቶት ነበር። እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ ግንባር የነበሩት? ያን ቀን እቤት እንደገባ ነገረኝ። ‹ታዲያ ሄደህ ለሚሊሻው አትናገርም?› ብለው ተቆጣኝ። ‹አበጀ ሰምቶታል፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። አርባው እስኪወጣ እየጠበቀ ነው። ደግ አደረገ፣ በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ አያሌው ሰግቶም አያውቅ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና አብረን ለቀምን።

እንግዲህ እናንት የቡሬ ልጆች፣ ሕጉ ይሠራል ወይ ላላችሁኝ፣ እኔ ሲሠራም ሲቀርም አይቻለሁ። ወረቀቱ አንድ ነው። ደብተሩም አንድ ነው፣ ጻፊውም ያው እኔ ነበርኩ። ግንባር ላይ አንድ ሲጎድል «ይጎድላል» አልኩ። አገሬ ገብቼ አንድ ሲተርፍ ሰማሁና ዝም አልኩ። ሕጉን አትርሱት፤ ከሕጉ ይልቅ ግን በሕጉ አምኖ ባዶ እጁን እርሻ የወረደውን ሰው አትርሱት። እሱ ራሱን አምኖ የሰጠው ለወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱን ለያዘው ሰው ነው።

መላጣው ኮረብታ ላይ ከጋንታችን ሰባት ሰው ሞተብን። ሰባቱንም በክርስትና ስማቸው በየዓመቱ በቄሱ አስጠራለሁ። ምትኩን ስምንተኛ አድርጌ ጨምሬዋለሁ። ቄሱ አንድ ጊዜ «ይህኛውም እዚያው ግንባር ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ አባቴ፣ እሱ የሞተው እኔ ዝም ያልኩ ቦታ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ስሙን ጻፉት።